አየር የማይነካት መንገደኛ

እኔን የሚያውቅ ሰው በእኔ ዕቃ አይልክም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ የጫማ ሱቄን ጎረቤቶች ብትጠይቁ በደስታ ይመሰክሩላችኋል። የሠርግ ኬክ አድርስ ተብዬ ለቅሶ ቤት ያደረስኩ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤቱ እንኳ በልቶ አመስግኖኛል፤ ሠርገኞቹ ግን እስካሁን ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። የአጎቴን መነጽር አሠርቼ ስመለስ የሌላ ሰው መነጽር ይዤለት መጣሁ። እሱም ይሉኝታ ይዞት ምንም ሳይለኝ ግድግዳ እየተደገፈ ክረምቱን አሳለፈ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ባለቤቴ ሐያት የዓመታት ልፋቷን ጣት በምታክል የመስታወት ቱቦ አሽጋ፣ «ኮምቦልቻ አድርስልኝ» ያለችው።

ሐያት የኬሚስትሪ ሰው ናት። እኔና ኬሚስትሪ የተለያየነው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ በስምምነት። ስንጋባ ስለ ሥራዋ ብዙ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን የማልረዳውን ጥያቄ መጠየቅ ደግ አይመስለኝም። አንድ ቀን ግን እሷው ራሷ ከጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርቱካን አንሥታ፣ አንዱን ከአንዱ አስጠግታ በሦስት ማዕዘን ደረደረቻቸው። ከዚያ ከእጇ ላይ አምባሯን አውልቃ በብርቱካኖቹ ላይ አስተኛችው።

«ይሄው፤ የምሠራው ይሄንን ነው» አለችኝ። «ብርቱካኖቹ ኮባልት የሚባል ብረት ናቸው፤ እርስ በርስ ተያይዘዋል። አምባሩ ደግሞ ስድስት ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። ስድስቱም ከየራሳቸው ኤሌክትሮን አዋጥተው ለጋራ ያስቀምጣሉ። ያ የተዋጣው ቀለበቱን ሁሉ ይዞራል፤ አንዳቸውም ‹ይሄ የኔ ነው› አይሉም። ቀለበቱ ብረቶቹን የሚይዛቸው በዚያ በጋራው ነው።»

«እንደ ዕድር?» አልኳት።

«እንደ ዕድር» አለችኝ። በአዘኔታ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሐያት በቀለበቱ ጎን ላይ አንድ ጅራት የመሰለ ቅጥያ ጨምራለች። የሚያማክሯት ፕሮፌሰር፣ ጅራቱ ቀለበቱን ይገፋውና ቀለበቱ ተንሸራቶ ከአንዱ ኮባልት ላይ ብቻ ይቀመጣል ይላሉ። እሷ ደግሞ የለም፣ ሦስቱም ላይ እኩል ነው የሚተኛው ትላለች። ዶክትሬቷ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እሷ ልክ ከሆነች ሥራዋ ሥራ ነው፤ ካልሆነች እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

«ታዲያ ማን ይዳኛችኋል?» አልኳት።

«ኤክስሬይ። ክሪስታሉን በኤክስሬይ የሚያነሣ ማሽን አለ። እኛ ዘንድ የለም፤ ውጭ አገር ነው።»

ከኮባልቶቹ አንዱን ልጬ እየበላሁ ሰማኋት። ነገሩ ግን ከብርቱካኑ በላይ ጣመኝ፤ እውነቴን ነው። በዓይን የማይታይ ነገር በምን ጎኑ እንደተኛ ለማወቅ ዓመታት የሚለፋ ሰው ቤቴ ውስጥ መኖሩ አስደነቀኝ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራዋ ድረስ ሄጄ ስትሠራ አይቻታለሁ። ይህ ነገር አየር ከነካው ይሞታል። ኦክስጅኑ ገብቶ ብረቶቹን ያለያያቸውና ዝገት የመሰለ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚሠራው ናይትሮጅን በተሞላ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ላይ ረዣዥም ጓንቶች ተገጥመዋል፤ ሐያት ከውጭ ቆማ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ በዚያ ወፍራም ጓንት ከጥቁር አዝሙድ የማይበልጡ ክሪስታሎችን አንድ በአንድ ትለቅማለች። እኔ በባዶ እጄ የጫማ ክር ማስገባት የሚያቅተኝ ሰው ነኝ። በመስኮቱ አየኋትና በሚስቴ ኮራሁ። ለጥበቃው «ባለቤቴ ናት» አልኩት፤ «ነግረኸኛል» አለኝ።

ሐያት ለመውለድ ደሴ ስትመጣ ክሪስታሎቿን ለማንም አላምንም ብላ፣ ናይትሮጅን በሞላበት ቱቦ ውስጥ አድርጋ፣ የቱቦውን አፍ በእሳት አቅልጣ ዘግታ ይዛቸው መጣች። ፍሪጃችን ውስጥ ከቅቤው ጎን ተቀመጡ። ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ ወለደችልን። ያን ጊዜ የቤቱ ሥልጣን በሙሉ ወደ አማቴ ወደ እማማ ዘሐራ ተዛወረ። እማማ ዘሐራ መስኮቶቹን ዘጉ፤ ዘግተውም አልበቃቸውም፣ በስንጥቁ ሁሉ ጨርቅ ወተፉ። አራስ አየር አይንካት፣ አራስ ብርድ አይግባት፣ ከአራስ ራስጌ ብረት አይጥፋ። እኔ ራሴ ወደ ክፍሉ ስገባ በሩን የምከፍተው ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ባለበት አንድ ማለዳ ፕሮፌሰሩ ደወሉ። ውጭ አገር ባለው ማሽን ድንገት ተራ ተገኝቷል፤ ነገ ይበራሉ። ዛሬ ግን ተማሪዎች ሊፈትኑ ኮምቦልቻ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ።

«ከምሳ በፊት ከደረሰልኝ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ። «ካልደረሰ ግን ሐያት፣ ሌላ ተራ መቼ እንደምናገኝ አልነግርሽም።»

ሐያት ብድግ አለች። እማማ ዘሐራ ከእሷ ቀድመው ብድግ ብለው በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘረጉ። «አርባሽ ሳይወጣ የሐረጎን ቁልቁለት ልትወርጂ? ወላሂ እኔን ቅበሪና ውጪ!»

የእናትና የልጅ ዓይን ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ሁለቱም ፊት ላይ ተስፋ መቁረጥ አየሁ። ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐያት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት የሚይዙባትን ዓይነት ሰማያዊ ሳጥን ከጓደኛዋ ተውሳ፣ በረዶ ሞልታ ቱቦውን መሀል አስቀመጠች። «ሁለት ነገር ብቻ ነው» አለችኝ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ። «ቱቦው እንዳይከፈት፣ አየር ይገድለዋል። ሙቀት እንዳያገኘው፣ ቀለበቱ ብረቶቹን ይለቃል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። እማማ ዘሐራም ከጥግ ሆነው በጥሞና ይሰሙ ነበር። «አየር አይንካት ነው ያልሽው?» አሉ።

«አዎ እማ።»

«ብረትስ አላት?»

«ሦስት አላት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፊታቸው በራ። ልጅቷ አለቀሰችና ሐያት ልታጠባ ገባች። እኔም ጫማ መምረጥ ጀመርኩ፤ ጫማ ሻጭ ጫማ ሲመርጥ ጊዜ ይወስዳል። ስመለስ እማማ ዘሐራ የሳጥኗን ክዳን ጠበቅ አድርገው እየዘጉ ነበር። «አብሽር ልጄ፤ አሳምሬ ጠቅልዬልሃለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳጥኗን ጭኔ ላይ አድርጌ መሀል ወንበር ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ስለ ደሴ ሚኒባስ መስኮት አንድ ነገር ልበል፤ መስኮቱ ያለው ለጌጥ ነው። የደሴ ሰው ብርዱን ከልጅነቱ ለምዶታል፤ በመስኮት የሚገባን ንፋስ ግን እንደ ደመኛ ነው የሚያየው። ውጭ ቆሞ ሲነፍስበት ቢውል ግድ የለውም። ያው ንፋስ በተከፈተ የመኪና መስኮት ከገባ ግን አንገት ያጣምማል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ የተኛ በሽታ ይቀሰቅሳል። እኔም ራሴ የማምነው ይህንኑ ነው፤ የተማረች ሚስት ብታገባም የማይለቅ ነገር አለ።

ከጎኔ አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከኩታበር መጥተው ሐርቡ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ እየሄዱ ነው። ሳጥኗን አዩና፣ «ክትባት ነው የያዝከው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፤ የባለቤቴ ሥራ ነው። ኬሚስት ናት። ውስጡ ያለው ነገር አየር ከነካው ይሞታል።»

ሐያት ይህንን ለማስረዳት በየስብሰባው ስላይድ ትደረድራለች፤ ጥያቄ ይጎርፍባታል፤ የሚጠራጠራት አይጠፋም። ያ ሚኒባስ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባው። አንድ ሰው «ለምን?» አላለም።

«ምች ነዋ!» አሉ አባ ይማም። «አየር ነው የሚመታት፤ አራስ ናት በለኛ! ያ ጀማዓ፣ መስኮት ዝጉ!»

መስኮቶቹ ቀድሞም ዝግ ነበሩ፤ ቢሆንም ሁሉም ሰው የየራሱን መስኮት እንደገና ዘጋ። ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ ከድጃ ሻሻቸውን ፈትተው በመስኮቱ ስንጥቅ ወተፉት። ሾፌሩ የንፋስ መግቢያውን ዘጋ። ከኋላ ወንበር መጽሐፍ ቅዱስ ያቀፈች ልጅ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ ጠብቃት» ስትል ሰማሁ። ረዳቱ ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ለመጫን በሩን በከፈተ ቁጥር፣ «ግባ! ግባ! ቶሎ በል፣ አራስ አለች!» እያለ ተሳፋሪውን በክንዱ ጎትቶ ያስገባዋል። የገባውም ሰው አራሷን ፈልጎ ዓይኑን ያንከራትታል፤ ሳጥኗን ያሳዩታል፤ እሱም ያለውን መስኮት ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አደራዬን እንዳደርስ ሰው ሁሉ ሲያግዘኝ አየሁ። ችግሩ ሐረጎን መውረድ ስንጀምር መጣ። የሚያውቅ ያውቃል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ከፍሪጅ ወጥቶ ወደ ኩሽና እንደ መግባት ነው። ከደሴ የተነሣ ሰው ደግሞ ለደሴ ለብሶ ነው የሚነሣው። በተዘጋው ሚኒባስ ውስጥ ላብ ይንቆረቆር ጀመር። አባ ይማም ከጋቢያቸው ሥር እንፋሎት የሚያወጡ መሰለኝ። አንድም ሰው ግን አላማረረም። አንዱ ሊያማርር አፉን ሲከፍት እትዬ ከድጃ ዞረው አዩትና አፉን ዘጋ።

በዚህ መሀል ጭኔ እንደሞቀኝ አስተዋልኩ። በረዶ የተሞላ ሳጥን እንዴት ጭን ያሞቃል? ክዳኑን ከፈትኩት።

በረዶ የለም። በበረዶው ቦታ የልጄ ብርድ ልብስ አለ። በብርድ ልብሱ መሀል አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም አለ። ከጤና አዳሙ ሥር፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱን የዓመታት ልፋት የያዘችው ቱቦ ታቅፋው ተኝታለች።

ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት እማማ ዘሐራ ናቸው።

«እማማ፣ በረዶው የት ሄደ?»

«አወጣሁታ!» አሉ፣ በድል አድራጊ ድምፅ። «አየር አይንካት ያላችሁትን አራስ በረዶ ላይ ታስተኟታላችሁ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? አሁን ሞቃት አይደል?»

«ሞቃት» አልኩ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ። ከዚያ ሐያት ተቀበለችው። እንደምትጮህብኝ ጠበቅሁ፤ እንድትጮህብኝም ፈለግሁ። እሷ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዳለች ሁሉ በቀስታ ተናገረች።

«ቱቦውን እየው። ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ጥቁር።»

«የሚያብረቀርቅ ጥቁር? ቡናማ ብናኝ የለውም?»

«የሚያብረቀርቅ ጥቁር።»

«እንግዲያው በሕይወት አለች። አሁን ጠርሙሱንም ብርድ ልብሱንም አውጣ። ጨርቅ በውሃ አርጥበህ ቱቦውን ጠቅልል፤ ከዚያ መስኮቱን ከፍተህ ንፋስ ላይ ያዘው። ውሃው ሲተን ሙቀቷን ይዞላት ይሄዳል። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር አርጥበው።»

«መስኮት ልክፈት?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጩኸት ተነሣ። «ምን? መስኮት?» «አየር ይነካታል!» «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?» ብርጭቆው ዝግ ነው፣ ከውጭ ያለው አየር አይገባበትም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አባ ይማም ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አዩኝ።

«እስካሁን ታዲያ ምን አድርገን ነው የተቀቀልነው?»

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ» አሉ አባ ይማም። «አራስ ነሽ አሉ። ምን ሰጠሽ?»

«ወዓለይኩም ሰላም አባባ። ሴት።»

«ማሻ አላህ! አላህ ያሳድግልሽ፤ የሷንም ልጅ ያሳይሽ። በይ አሁን ስሚ፤ መስኮቱ ይከፈት ነው የምትዪ?»

«ይከፈት አባባ። የብርጭቆው አፍ በእሳት የታሸገ ነው። ንፋሱ ከላይ ያቀዘቅዛታል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።»

«እሺ፤ እሷስ ታሽጋለች» አሉ አባ ይማም። «እኛንስ ማን ያሽገን?»

«አፉ በሉኝ አባባ» አለች ሐያት፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ሌላ መላ የለኝም።»

አባ ይማም ስልኩን መለሱልኝ። ጋቢያቸውን አንሥተው ጆሮና አንገታቸውን ጥብቅ አድርገው ጠመጠሙ። ከዚያ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ የመኪና መስኮት ዘግተው የኖሩ እኚህ ሰው፣ በገዛ እጃቸው መስኮቱን እስከ መጨረሻው ገፉት። «በሉ ተከናነቡ!» አሉ። «ቢስሚላህ!»

መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። በሁለቱም ወገን! ንፋሱ ከግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል። ሰው ሁሉ በጋቢ፣ በነጠላ፣ በኮት፣ ያጣው በፌስታል ራሱን ሸፈነ። ይህን ያደረጉት ድምፅዋን ከደቂቃ በፊት ለሰሙት፣ ፊቷን ላላዩት ሴት ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለጠየቁኝ ንፋሱ ነው አልኳቸው፣ አመኑኝም።

ቱቦውን ጠቅልዬ ላነሣ ስል እትዬ ከድጃ እጄን አዩት። «አንተ ትጥለዋለህ፤ ወዲህ በል» አሉኝ። አያውቁኝም እኮ! ግን በአንድ እይታ ጨርሰውኛል። የወተፉትን ሻሻቸውን ነቅለው በረዳቱ የመጠጥ ውሃ ነከሩና ቱቦውን ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው በመስኮቱ አጠገብ ለንፋሱ ሰጡት። ሻሹ ሲደርቅ ውሃ ከየወንበሩ ይቀርባል። ባለ መጽሐፍ ቅዱሷ ልጅ ጠርሙሷን እንዳለ ሰጠች።

«ጥቁር ናት?» ይላል ሾፌሩ በየመታጠፊያው።

«ጥቁር ናት!» ይላሉ እትዬ ከድጃ ሻሹን ገለጥ አድርገው።

«ተመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!»

ሰው በአካል ከተሳተፈበት በኋላ ደግሞ ጉዳዩን ማወቅ ይፈልጋል። ጠየቁኝ። ስለ ሦስቱ ኮባልቶች፣ ስለ ቀለበቷ፣ ስለ ጅራቷ፣ ስለ ፕሮፌሰሩና ስለ ሐያት ክርክር የማውቀውን ነገርኳቸው። ወዲያው ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ።

«ሦስቱም ላይ ነው የምትተኛው» አሉ አባ ይማም። «አንዱ ላይ ብትቀመጥ ሁለቱን ቅር አይላቸውም?»

«አባባ፣ ነገሩ የቅሬታ አይደለም» አለ ሾፌሩ። «ጅራት አላት እየተባለ ነው። ጭነት ወደ አንድ ጎን ከበዛ መኪናው ያጋድላል። ትንሸራተታለች፤ ፕሮፌሰሩ እውነታቸውን ነው።»

«አንተ መንገድህን እይ!» አሉት እትዬ ከድጃ። «ሦስት ሆነው ይዘዋት እንዴት ብላ ትንሸራተታለች?»

«ቢይዟትስ? ጅራቷ ይገፋት የለ!» አለ ሾፌሩ።

በዚህ ሙግት የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨረስነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ የተውኩት ትምህርት እንዲህ የሚያሟግት መሆኑን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አልተወውም ነበር።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ለፍተሻ ቆምን። ፈታሹ ወጣት በሩን ከፍቶ አየን። በዚያ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ የተከናነበ ሕዝብ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ዓይኑ እርጥቡ ሻሽ ላይ አረፈ።

«እሱ ምንድን ነው? ይከፈት።»

«አይከፈትም!» አለ ሚኒባሱ በአንድ ድምፅ።

«ለምን አይከፈትም?»

«አራስ ናት» አሉ እትዬ ከድጃ።

«የታለች?»

«ይቺውና!» ብለው ሻሹን ገለጡለት።

እኔ ነገሩን ላቃልል ብዬ፣ «ኬሚካል ነው» አልኩ። ከኋላዬ ሁሉም ሰው ሲያቃስት ሰማሁ። ፈታሹ ከመኪናው አስወረደኝ። ሐያት ሳጥኗ ላይ የለጠፈችውን ባለ ማኅተም ወረቀት አሳየሁት፤ አነበበው፤ አላመነውም፤ እኔን አይቶ ይበልጥ አላመነውም። አባ ይማም ጋቢያቸውን ሳይፈቱ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ልጄ» አሉት፣ «ብርጭቆ ነው። በዓይንህ እንዳሻህ እየው፤ በእጅህ ግን አትክፈተው። የአንዲት ልጅ ልፋት ነው፤ ከከፈትከው ይሞትባታል። ክፋት ቢኖርበት እኔ አብሬው ከደሴ እመጣ ነበር?»

ፈታሹ ቱቦውን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው። እኔም ያን ጊዜ ነው በቅጡ ያየሁት። ክሪስታሎቹ ጥቁር ናቸው፤ ብርሃኑ ሲያገኛቸው ግን ጠርዛቸው ላይ ሐምራዊ ጭረት ይሮጣል፤ እያንዳንዷ በመጋዝ የተቆረጠች ያህል ልከኛ ናት። ልጁ አዟዙሮ አያቸው።

«ያምራል» አለ። ከዚያ በሁለት እጁ ለእትዬ ከድጃ መለሰላቸው፣ በሩንም ራሱ ዘጋልን።

ሾፌሩ መናኸሪያ አልገባም። ማንም ሳይጠይቀው ፕሮፌሰሩ ወደሚፈትኑበት ግቢ ነዳው፤ ማንም አልተቃወመውም። ፕሮፌሰሩ ሞተሩ ከተነሣ መኪና አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈገግታ የማያበዙ ሰው ናቸው። የተከናነበ ሕዝብ ከሚኒባስ ወርዶ ሲከባቸው፣ መሀል ላይ አንዲት ሴት እርጥብ ሻሽ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲቀርቧቸው፣ ምን ሊያስቡ እንደሚችሉ አላውቅም። ሻሹን ፈቱ፤ ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፤ አገላብጠው አዩት።

«ደህና ናት» አሉ። «አንድም አልሞተ።» እርጥቡን ሻሽ ዳሰሱትና ወደ እኛ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ለፈገግታ ሲላቀቅ አየሁ። «በእርጥብ ጨርቅ አመጣችኋት? በዚህ ሙቀት?»

በረዶ ወዳለበት ሳጥናቸው ሊከቷት ሲሉ አባ ይማም እጃቸውን አነሡ። «አንድ ጊዜ ጌታው። ዱዓ ሳይደረግላት አትሄድም።»

መዳፎች ሁሉ ተዘረጉ። የባለ መጽሐፍ ቅዱሷም ተዘረጋ፣ የፕሮፌሰሩም በይሉኝታ ተዘረጋ።

«አላህ መንገዷን ያቅናላት!»

«አሚን!»

«ከእሳትም ከንፋስም ይሰውራት!»

«አሚን!»

«በሦስቱም ላይ እኩል ያስተኛት!»

«አሚን!» አሉ ፕሮፌሰሩ ከሁላችን ጋር። ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉ በኋላ ነው። ሾፌሩ በአዘኔታ አያቸው፤ እሱም «አሚን» ብሎ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጥበቃ አልተርክላችሁም። ሐያት ሌሊት ለልጅቷ ትነሣለች ስል ስልኳን እያየች አገኛታለሁ። ምግብ አይወርድላትም። «ባይሆንስ?» ስላት፣ «ባይሆን የሆነውን አውቃለሁ፤ ያም እውቀት ነው» ትለኛለች። ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልነበረም። እኔ ቀለበቷ በምን ጎኗ እንደተኛች ሳስብ የግራ እግር ጫማ በቀኝ ካርቶን እከት ነበር።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለአንድ ከገጠር ለመጣ ደንበኛ ጫማ እያስለካሁ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት። መጀመሪያ ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ።

«ተኝታለች» አለችኝ።

«የት ላይ?»

«ሦስቱም ላይ። እኩል። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። ደግሞ መተኛት ብቻ አይደለም» አለች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይልኝ። «ጎኖቿ ተራ በተራ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ብሏል። ሦስቱን እኩል ለመያዝ ብላ ራሷን ትንሽ ለውጣለች። ይታይሃል? እዚያ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት!»

ይታየኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። ደንበኛዬ ደነገጠ።

«ምነው ወንድሜ! ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም» አልኩት። «ቀለበቷ ሦስቱም ኮባልት ላይ ተኝታ ተገኘች።»

ሰውየው ፊቴን አየ። «የማን ናት?»

«የባለቤቴ።»

«ብዙ ጠበቀች?»

«ብዙ ዓመት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። «አልሐምዱሊላህ! እንኳን አላህ ለዚህ አበቃት!» አንድ እግሩ አዲስ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ በካልሲ እንዳለ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ጀርባዬን እየመታ እሱም ዓይኑን ጠረገ። ምን እንደሆነች ግን እስኪሄድ ድረስ አልጠየቀኝም።